ከሚኒያፖሊስ ሳውዝ ዳኮታ በመኪና፣ እናትና አባት ይዞ እንዴት ይኬዳል?

ሰላም ጤና ይስጥልን ቤተሰብ። እኛ ያለነው ሚኒያፖሊስ ነው። እናቴና አባቴ ከደሴ ሊጠይቁን መጥተዋል፣ የሚመለሱት ለእንቁጣጣሽ ነው። አባቴ የታሪክ መምህር ነበሩ፣ ማውንት ረሽሞር ላይ የተቀረጹትን አራት ፕሬዝዳንቶች ሳላይ አልሄድም ብለዋል። ባለቤቴ ኦገስት መጀመሪያ ላይ እረፍት አለው፣ ዓርብ ከሥራ ስወጣ ተነስተን ሌሊቱን ነድተን ጠዋት እንድረስ ነው የሚለው። እኔን ያሳሰበኝ እናቴ ስኳርና ግፊት አለባቸው፣ ፍልሰታንም አይፈቱም፣ ልጆቹም ሁለት ናቸው፣ ትልቋ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ጨርሳለች ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው። መሀል ላይ ምን አለ ብዬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ምንም የለም ባዶ ሜዳ ነው ዝም ብላችሁ እለፉት ይለኛል። መንገዱን የምታውቁት እባካችሁ ምከሩኝ።

*

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ቤተሰቦችሽ በሰላም መጡልሽ። እኔ እዚሁ ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ነው የምኖረው፣ ትራክ ስለምነዳ የምትሄዱበትን ሃይዌይ፣ አይ-90ን፣ በበጋውም በክረምቱም አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍልሽ አትሰልቺ።

ከሁሉ በፊት የሌሊቱን ነገር ተዉት። ከናንተ ቤት እስከ ረሽሞር ወደ 600 ማይል ነው፣ ሳይቆሙ ዘጠኝ ሰዓት ይላል ካርታው፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ያንን በሌሊት ሊነዳው አይገባም። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ሃይዌዩ 80 ማይል ነው የሚፈቅደው፣ በዛ ፍጥነት አጋዘን ዘሎ ቢገባባችሁ ፍሬን ለመያዝ ጊዜ የለም፣ አጋዘን ደግሞ ሲመሽና ሊነጋ ሲል ነው መንገድ ዳር የሚወጣው፣ እኔ እንኳን በትልቁ መኪና ሆኜ ጨለማ ላይ ቀስ እላለሁ። ሌላው ደግሞ በሌሊት ካለፋችሁት እናትና አባትሽ መስኮቱ ላይ ጥቁር ነገር ከማየት በቀር ምንም አያዩም፣ ያ አገር ደግሞ ባዶ አይደለም። ባዶ የሚሉት በሌሊት ያለፉት ናቸው።

ቀኑንም ቀይሩት። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ስተርጂስ የሚባል ከተማ የሞተር ሳይክል ነጂዎች ትልቅ በዓል አለ፣ ለረሽሞር ቅርብ ከሆነው ከተማ ከራፒድ ሲቲ ግማሽ ሰዓት ነው። የስቴቱ ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 887 ሺህ አይሞላም፣ በዛ በዓል ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ400 ሺህ በላይ እንግዳ ይጎርፋል፣ ሆቴሉ እጥፍ ይሆናል፣ ተራራው ላይ ያለው ጠባብ መንገድ በሞተር ይሞላል። እናትሽም ፍልሰታን የሚጾሙት ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው፣ በዛ መንገድ ላይ ደግሞ የጾም የሚባል ነገር ድንች ጥብስና ሰላጣ ነው፣ እሱም አይብ ወይ ሥጋ ጣል ይደረግበታል። እና ባለቤትሽ እረፍቱን ማዛወር ከቻለ ጾሙ እንደተፈታ ተነሱ፣ የሞተሩ ሕዝብ ሄዷል፣ ሚኒሶታ ትምህርት ቤት አብዛኛው የሚከፍተው ከሌበር ደይ (ከሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) በኋላ ነው፣ እዚህ ሳውዝ ዳኮታ ግን ልጆቹ ቀደም ብለው ስለሚገቡ ፓርኮቹ ቀለል ይላሉ። ከዛ ተመልሳችሁ ለእንቁጣጣሽ ሻንጣ ማዘጋጃ ጊዜም ይተርፋችኋል።

መንገዱን ለሁለት ክፈሉት። የመጀመሪያው ቀን እስከ ሱ ፎልስ ብቻ፣ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከተማው መሀል ፏፏቴው አለ፣ ወንዙ ቀላ ባለ ቋጥኝ ላይ ነው የሚወርደው፣ መግቢያ አይከፈልበትም፣ ልጆቹ ይሯሯጡበታል። ከፏፏቴው አጠገብ የሚታየው ትልቅ ፋብሪካ ስሚዝፊልድ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው፣ እዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ብዙው ኑሮውን የጀመረው እዛ ነው። ያበሻ ምግብ ቤትም ሱቅም ስላለ እንጀራ የምትጨምሩ ከሆነ እዚሁ ጨምሩ፣ ከዚህ ወዲያ ማግኘት ይከብዳል።

በነጋታው ጠዋት ወደ ምዕራብ። የኤግዚት (የሃይዌዩ መውጫ) ቁጥሮቹ የሚቆጠሩት ከምዕራቡ ከዋዮሚንግ ድንበር ነው፣ ሱ ፎልስ 396 አካባቢ ናችሁ፣ ራፒድ ሲቲ 60 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ልጆቹ ደረስን ወይ ሲሉ ቁጥሩን እንዲያነቡ አድርጊ፣ ከሱ ላይ 60 ሲቀንሱ እስከ ራፒድ ሲቲ የቀረው ማይል ማለት ነው። ሚቸል ላይ በበቆሎ የተለበጠ ሕንጻ አለ፣ ኮርን ፓላስ ይሉታል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል የተሠራው በበቆሎና በሣር ነው፣ በ1892 ነው የተጀመረው፣ የአሁኑ ሕንጻ የ1921 ነው። አንድ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ቻምበርሌይን ላይ ግን በደንብ ቁሙ። ኤግዚት 263 ከመድረሳችሁ በፊት ሬስት ኤሪያው (መኪና አቁሞ ማረፊያው) አለ፣ ዲግኒቲ የሚባል የላኮታ ሴት ሐውልት ቆሟል፣ ላኮታ ማለት የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ኢንዲያን የሚሏቸው ናቸው፣ 50 ጫማ ቁመት አለው፣ በ2016 ነው የተተከለው፣ ሴትየዋ ከኋላዋ ባለ ኮከብ ጋቢ የመሰለ ኩታ ዘርግታለች፣ ነፋስ ሲመጣ የኩታው ሰማያዊ ቁርጥራጭ ብረት ይንቀሳቀሳል። ከሐውልቱ በታች ሚዙሪ ወንዝ ነው። አባትሽ እዛ ጋ ቆም ብለው የሚያዩት ነገር አለ፣ ወንዙ ስቴቱን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ወዲህ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፣ ወዲያ ማዶ ሣርና ከብት ነው፣ ኑሮውም ዝናቡም ይለያል። ኦገስት ላይ ሱፍ የተዘራበት ማሳም ያጋጥማችኋል። ከሙርዶ ትንሽ አልፋችሁ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የእናትሽን መድኃኒት በአሮጌው ሰዓት ያዙት።

ከዛ 131 ላይ ወጥታችሁ ባድላንድስ የሚባለው ናሽናል ፓርክ ግቡ፣ ዙሪያውን የሚሄደው መንገድ በዎል ከተማ 110 ላይ መልሶ ያወጣችኋል። ይሄንን አትዝለሉት። ሜዳው ዝም ብሎ ሲሄድ ሲሄድ ድንገት መሬቱ ይሰነጠቅና ሮዝና ነጭ መስመር ያለው ገደል ሆኖ ይወርዳል። ለእናትሽ ጉልበት የሚሆን በእንጨት የተነጠፈ አጭር መንገድ አለ፣ ዊንዶው ትሬይልና ፎሲል ኤግዚቢት የሚባሉት ሩብ ሩብ ማይል ናቸው። ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ በ2010 አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እዛው ፓርኩ ውስጥ የጥንት ጥርሰ ረጅም ድመት የራስ ቅል አግኝታ ለሬንጀሮቹ (ለፓርኩ ጠባቂዎች) ጠቁማለች፣ አጥንት የመሰለ ነገር ካዩ ሳይነኩ ቦታውን ለሬንጀር መናገር ነው፣ መውሰድ በሕግ ክልክል ነው። ረጅም ሣር ውስጥ አይግቡ፣ ራትልስኔክ እባብ አለ። ፕሪሪ ዶግ የሚሏቸውን ጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ እንስሳትም አይመግቡ አይንኩ፣ በሽታ ይይዛቸዋል። ለክፍያው ደግሞ አራተኛ ክፍል ለሆነ ልጅ ነጻ የናሽናል ፓርክ ፓስ አለ፣ ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ ብለሽ ፈልጊና አትመሽ ያዢ፣ የልጅሽ እስከ ኦገስት 31 ይሠራል፣ መኪናውን በሙሉ ያስገባል።

ጋዝ (ቤንዚን) ላይ ተጠንቀቁ፣ ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። እዚህ አገር ኢታኖል (ከበቆሎ የሚሠራ አልኮል) የተቀላቀለበት በብዛት ስለሚሸጥ ፓምፑ ላይ አራት አምስት ዓይነት ታያላችሁ፣ ኢ85 የሚለው ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ እጀታው ቢጫ ነው፣ ፍሌክስ ፊውል ያልሆነ፣ ማለትም ለሱ ያልተሠራ መኪና ውስጥ አይገባም። ወደ ራፒድ ሲቲ ስትጠጉ ደግሞ 85 ኦክቴን የሚል አለ፣ የመኪናችሁ መጽሐፍ 87 ካለ 87 ቅዱ። ካዶካ ወይም ዎል ላይ ሙሉ አድርጉ፣ ከግማሽ በታች አታውርዱ፣ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ቫን ላይ ጋዙን ይበላዋል። ካርታውን ከቤት ኦፍላይን አውርዱት፣ ስልክ የማይሠራበት ቦታ አለ። ሰማዩ ምዕራብ በኩል ከጠቆረ ከተማ ውስጥ ገብታችሁ ጠብቁ፣ የዚህ አገር በረዶ መስታወት ይሰብራል።

አሁን ስለ አባትሽ። ረሽሞር ከ1927 እስከ 1941 ነው የተቀረጸው፣ እያንዳንዱ ፊት 60 ጫማ ነው፣ መግቢያ የለውም የፓርኪንግ ግን አለው፣ ያ ፓስ ለፓርኪንጉ አይሠራም። ማታ መብራት ሲበራበት ቆዩ። ግን የታሪክ መምህር ከሆኑ ተራራው የማን እንደነበረም ይወቁት ብዬ ነው። በ1868 ፎርት ላራሚ ላይ በተፈረመ ውል ብላክ ሂልስ፣ ረሽሞር ያለበት ተራራማ አገር፣ በሙሉ የላኮታዎቹ መሬት ነበር፣ በ1874 ወርቅ ተገኘ፣ በ1877 መንግሥት ወሰደው። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አወሳሰዱ ካሳ ይገባዋል ብሎ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደላቸው፣ እነሱ ግን መሬታችን አይሸጥም ብለው እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም፣ ብሩ መንግሥት ጋ ተቀምጦ እየወለደ ከአንድ ቢሊዮን አልፏል። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የነካኝ፣ መሬት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ያገራችን ሽማግሌ ደግሞ ማንም ማብራራት አያስፈልገውም። እዛው አቅራቢያ ክሬዚ ሆርስ አለ፣ በ1948 የተጀመረ የላኮታ ጀግና ሐውልት ነው፣ ገና አላለቀም፣ ሁለቱን ባንድ ቀን ያሳዩዋቸው።

*

እኔ ራፒድ ሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፣ ከላይ የጻፍከው ወንድማችን እግዚአብሔር ይስጥልን ጥሩ አድርገህ ነው ያስረዳኸው። ስለ እማማ ብቻ ልጨምር። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ኩለር ውስጥ አድርጊው ግን በረዶው ላይ በቀጥታ አታስቀምጪው፣ በረዶ ከሠራ ይበላሻል፣ በፎጣ ጠቅልይው። የቆመ መኪና ውስጥም አትተዪው፣ ባድላንድስ በኦገስት 100 ፋራናይት የሚደርስበት ቀን አለ። ትላልቅ ሆስፒታሎች ሱ ፎልስና ራፒድ ሲቲ ነው ያሉት፣ መሀሉ ላይ ትንንሽ ናቸው፣ ስለዚህ መድኃኒቱን ከሚያስፈልገው በላይ ያዢ፣ የመድኃኒቶቹን ስም በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቺ፣ ለጎብኚ የሚገዛውን የጤና ኢንሹራንስ ካልገዛሽላቸው ደግሞ ሳትነሺ ግዢ፣ አንድ ድንገተኛ ክፍል መግባት ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ፓስፖርታቸውንም አትርሺ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ካርዱን ይያዝ።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ከስተር ስቴት ፓርክ ውሰዷቸው፣ ያ የስቴት ስለሆነ ለብቻው ነው የሚከፈለው። 18 ማይል የሚዞር መንገድ አለው፣ ጎሹ መንጋ ሆኖ መንገዱን ይዘጋዋል፣ ከመኪና ማንም እንዳይወርድ፣ ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ከሰው ይበልጥ ይሮጣል። እዛው አህዮች አሉ፣ ድሮ ቱሪስት ተራራ ላይ ያወጡ የነበሩ አህዮች ዘሮች ናቸው፣ መስኮት ድረስ መጥተው አንገታቸውን ያስገባሉ፣ እማማ ይወዱታል።

*

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለባለቤቴ አንብቤለት የሌሊቱን ትቶታል፣ እረፍቱንም ለኦገስት መጨረሻ እጠይቃለሁ ብሏል። አንድ ነገር ብቻ፣ እናቴ ያበሻ ቀሚስና ነጠላ ነው የሚለብሱት፣ አባቴም እንግሊዝኛቸው የመጽሐፍ ነው፣ ትንንሽ ከተማ ውስጥ ሰዉ እንዴት ነው የሚያያቸው? ሆቴልስ የት ይሻላል?

*

እህቴ፣ ሰዉ ቀና ብሎ ያያል፣ ከዛ ከየት መጣችሁ ይላል፣ ቀጥሎ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ነው የሚያወራው፣ ገበሬ ነዋ። አባትሽ የመጽሐፍ እንግሊዝኛቸው እዛ ነው የሚሠራላቸው፣ ሰዉ አይቸኩልም፣ ረጋ ብሎ ይሰማቸዋል። ዎል ከተማ ዎል ድራግ የሚባል በ1931 ባልና ሚስት የገዙት ፋርማሲ አለ፣ መንገደኛን በነጻ የበረዶ ውሃ ጠርቶ ነው ያደገው፣ አሁንም ውሃው ነጻ ነው ቡናው 5 ሳንቲም ነው፣ እዛ ቁጭ በሉ፣ ከአገሬው ሽማግሌ ጋር ወሬ መጀመራቸው አይቀርም። ለናትሽ ግን ቡናውን ከቤት በፔርሙስ ያዢላቸው፣ የዛኛው ቀጭን ነው።

አዳሩን ሁለተኛውን ሌሊት ዎል አድርጉት፣ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባድላንድስን መልሳችሁ ታዩታላችሁ፣ ቀለሙ ያኔ ነው የሚወጣው። ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሌሊቶች ራፒድ ሲቲ ያዙ፣ ከዛ ረሽሞር ግማሽ ሰዓት ነው። ሆቴሉን ዛሬ ያዢው፣ የሚሰረዝ ዓይነቱን ምረጪ፣ ምድር ቤት ክፍል ለናትሽ ብለሽ ጠይቂ፣ ሊፍት የሌላቸው አሉ። ሱ ፎልስ ግን ሆቴል አትያዙ፣ እኛ ቤት ነው የምታድሩት፣ ባለቤቴ አሁኑኑ ቀኑን ቁረጡና ንገሩን ብላለች፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አድራሻውን እልክልሻለሁ።