ሲኤስኤሱ አንዱ ገጽ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም!! (ኖድ፣ ኤክስፕረስ) ቶሎ የሚደርስልኝ

ታቦር_ሥር፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላለ አንድ ፔንሲዮን የክፍል ማስያዣ ዌብሳይት በኖድና በኤክስፕረስ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደውና በዌብ መሥሪያው) እየሠራሁ ነው፤ ለፊቼ ጫምባላላ እንግዳ ሊቀበሉበት። መጀመሪያ ገጹ አምሮ ይወጣል። አንዱን ክፍል ነክቼ ስገባ ግን ሰማያዊ ሊንክና ጥቁር ጽሑፍ ብቻ። ሲኤስኤሱ፣ የገጹን ቀለምና አቀማመጥ የሚወስነው ፋይል፣ ፐብሊክ የሚባል ፎልደር ውስጥ አለ፣ እያየሁት ነው። ኮንሶሉ «ማይም ታይፑ ቴክስት/ኤችቲኤምኤል ስለሆነ ስታይሉን አልቀበልም» ይላል (ማይም ታይፕ ሰርቨሩ የሚናገረው የፋይል ዓይነት ነው)። ባለቤቷ ከሰዓት ሊያዩት ይመጣሉ፣ ሰፈሩ መብራት የለም፣ ላፕቶፔም ሊዘጋ ነው። እባካችሁ!

ኪያ_ኮድ፦
ካሽ ነው፣ ብራውዘሩ ያስቀመጠው የድሮ ኮፒ። ኮንትሮል ሺፍት አር ተጫን።

ታቦር_ሥር፦
አድርጌዋለሁ። ያው ነው።

ነጋ_21፦
እኔ የማይገባኝ፣ ለፔንሲዮን ኖድ ምን ያደርጋል? በፒኤችፒ ብትሠራው ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ጋሽ_ሰርቨር፦
ነጋ፣ ፒኤችፒም ሆነ ጃንጎ (የፓይተን ዌብ መሥሪያው) ከዚህ አያመልጥም። ታቦር፣ ሲኤስኤሱን የምትጠራበት ኤችሬፉ ላይ «ስታይል.ሲኤስኤስ» ብለህ ከፊቱ ያለ ስላሽ ጽፈህ መሆን አለበት። ያንን አድራሻ የሚፈታው ብራውዘሩ ነው። ብራውዘሩ ደግሞ ፎልደርህን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከላይ የተጻፈለትን የገጹን አድራሻ ብቻ ነው። መጀመሪያ ገጽ ላይ ሲሆን «/ስታይል.ሲኤስኤስ» ብሎ ይጠይቃል፣ ያገኛል። «/ክፍሎች/5» ላይ ሲሆን ግን 5ን ቆርጦ ይጥልና «/ክፍሎች/ስታይል.ሲኤስኤስ» ይላል። አሁን ራውትህን (የትኛው አድራሻ በየትኛው ኮድ እንደሚመለስ የሚወስነውን) ተመልከት፤ ከ«/ክፍሎች/» ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ የክፍል ቁጥር ነው ብሎ የሚወስድ ከሆነ፣ ሰርቨርህ «ስታይል.ሲኤስኤስ» የሚባል ክፍል ዳታቤዝ ውስጥ እየፈለገ ነው! ሲያጣ በኤችቲኤምኤል ገጽ ይመልሳል። ራውት ባይኖርም የኤክስፕረስ የራሱ 404 («አልተገኘም» የሚለው መልስ) የሚመጣው በኤችቲኤምኤል ነው። ለዚህ ነው ብራውዘሩ ፋይሉ እንደጠፋ ሳይነግርህ በዓይነቱ የሚጮኸው። ኤፍ 12 ተጫን፣ ኔትወርክ ውስጥ ግባ፣ የሲኤስኤሱን መስመር ንካ፤ የትኛውን አድራሻ እንደጠየቀ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል። ይህን ሳያዩ ኮድ መነካካት ድካም ነው፣ ወጣቶቹን ሁሌ የምለምነው ይህንኑ ነው።

ኪያ_ኮድ፦
ኢንኮግኒቶ ላይ ሞክረው። ካሽ ግትር ነው አንዳንዴ።

ታቦር_ሥር፦
ጋሼ እውነትዎን ነው! ተርሚናሉ ላይ «ክፍል ስታይል.ሲኤስኤስ አልተገኘም» የሚል ተደርድሯል፣ አላስተዋልኩትም። አሁን «/ፐብሊክ/ስታይል.ሲኤስኤስ» አደረግኩት፤ ይባስ ብሎ ከሁለቱም ገጽ ጠፋ!!

ማሂ_ዌብ፦
ፐብሊክ የሚለውን አውጣው። ኤክስፕረስ.ስታቲክ የሚያቀርበው ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ነው፣ የፎልደሩ ስም አድራሻው ውስጥ አይገባም። «/ስታይል.ሲኤስኤስ» ብቻ። ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ይህንኑ አድራሻ ከሎካልሆስት ቀጥሎ ራስህ ጽፈህ ክፈተው። የሲኤስኤስ ጽሑፍ ከመጣ ጨርሰሃል፤ ሌላ ነገር ከመጣ ገና ነው። ፐብሊክ የሚለው የግድ ይታይ ካልክ አፕ.ዩዝ የሚለው የኮድ መስመር ላይ መጀመሪያ «/ፐብሊክ»ን፣ ቀጥሎ ስታቲኩን ስጠው።

አሞራ_ገደል፦
ከሠራልህ የተጠበሰ ዓሣ አለብህ፣ ለሁላችንም፣ ከነዳጣው 😂 ደግሞ ሰርቨር ላይ ስትጭነው የፋይሉን ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል እይ። ዊንዶውስ ዝም ብሎ ያሳልፍሃል፣ ሊኑክስ ግን ሁለት የተለያየ ፋይል ነው የሚላቸው። ጓደኛዬን አንድ ሙሉ ሌሊት ያስቀመጠው ይሄ ነው።

ታቦር_ሥር፦
ሠራ!! ማሂ ኑሪልኝ። ግን ሰርቨር ላይ ስጭነው ደግሞ ሌላ ጉድ፦ ሁሉም ገጽ ራቁቱን ነው። እንደ አስተዳዳሪ ሎጊን ሳደርግ ሁሉም ይስተካከላል! ስሙን አይቻለሁ፣ ፊደሉ ልክ ነው። እንግዳ ሎጊን አድርጎ ነው እንዴ ክፍል የሚያየው?

ነጋ_21፦
ሲኤስኤሱን በሙሉ ኮፒ አድርገህ ገጹ ላይ ስታይል ታግ ውስጥ ለጥፈው። ለዛሬ ያልፋል።

ማሂ_ዌብ፦
ያልፋል፤ ነገ ሴትዮዋ «ይሄን አረንጓዴ ቀይሩልኝ» ሲሉ ግን እያንዳንዱን ገጽ ሊዞር ነው። እንዲህ አታስተምሩት እባካችሁ።
ታቦር፣ ኤክስፕረስ አፕ.ዩዞቹን የሚያስኬደው በተጻፉበት ተራ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ሎጊን የሚፈትሸው መስመርህ ከስታቲኩ በላይ ይመስለኛል። ለገጾቹ «እነዚህን ያለ ሎጊን አሳልፍ» ብለሃል፣ ለሲኤስኤሱ ግን አላልክም። ስለዚህ ያልገባ ሰው ብራውዘር ሲኤስኤሱን ሲጠይቅ ወደ ሎጊን ገጽ ይመለሳል፣ በስታይል ፋንታ የሎጊን ፎርም ይደርሰዋል። ላፕቶፕህ ላይ ያልታየህ ቀድመህ ስለገባህ ነው። ስታቲኩን ከፍተሻው በላይ አውጣው። እግረ መንገድህን የፎልደሩን ቦታ በዲርኔም (ኮዱ ካለበት ፎልደር ሙሉ አድራሻ) ስጠው፤ «ፐብሊክ» ብቻ ካልክ ኖድን ካስነሳህበት ቦታ ጀምሮ ነው የሚፈልገው፣ ከሌላ ፎልደር ሲነሳ ያጣዋል።

አሞራ_ገደል፦
ዓሣው ሁለት ሆነ 😂

ማሂ_ዌብ፦
ታቦር፣ ተስተካከለ? ሴትዮዋ መጡ?

ሊዲ_አዳማ፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔ በጃንጎ ነው፤ ዲበግን (የሙከራ ሁነታውን) ፎልስ ሳደርገው ሲኤስኤሱ በሙሉ ጠፋ። መንገዱን አልነካሁም።

ጋሽ_ሰርቨር፦
ልጄ፣ ዲበግ ፎልስ ሲሆን ራንሰርቨር (የጃንጎ የመሞከሪያ ሰርቨር) ስታቲክ ፋይል ማቅረቡን ያቆማል፤ ታስቦበት የተደረገ ነው። ስታቲክ ሩትን (ፋይሎቹ የሚሰበሰቡበትን ፎልደር) ሴቲንግ ላይ ወስኚ፣ የሚሰበስባቸውን ኮሌክትስታቲክን አስኪጂ፣ ከዚያ ኤንጂንኤክስ ወይም ዋይትኖይዝ ያቅርበው። ቴምፕሌቱ ላይም አድራሻውን በእጅሽ አትጻፊ፣ ሎድ ስታቲክ ብለሽ በስታቲክ ታጉ አስጠሪው። ታቦርን የደረሰበት አንቺን አይደርስብሽም።

ኪያ_ኮድ፦
ካሹንም አጽጂው ግን።