ልጄ ሰው ማናገር አያውቅበትም፤ እንዴት ላለማምደው?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጅ እናት፣ ጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። ቤት ውስጥ አፉ አያርፍም። ሰው ፊት ሲቆም ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ዘው ብሎ ይገባበታል። ባለፈው «ዩኒፎርምህ ደርሶ እንደሆነ ጠይቅ» ብዬ ልብስ ሰፊው ጋ ላክሁት። ግማሽ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ተመለሰ። «ሥራ ላይ ነበሩ» አለኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ መምህሩ ምሳ እየበሉ ሄዶ «ውጤቴ ተሳስቷል» ብሎ አስቀይሟቸዋል። ክረምት ላይ መርካቶ የአጎቱ መለዋወጫ ሱቅ ሊያግዝ ነው። (የእኛን የጅማን መርካቶ ማለቴ ነው።) ስመክረው «እሺ» ይላል። እሺታው ግን ከበር አያልፍም።

መልስ፦ ልብስ ሰፊ
በር ላይ የሚቆም ልጅ እኔም ጋ ሞልቷል። የስፌት መኪናው ሲጮህ ሰው መምጣቱንም አላውቅ። ልጆቹ ግን የተቆጣሁ ይመስላቸዋል። ይህን ንገሪው፦ ልብስ ሰፊ የሚሰፋውን መስመር ሲጨርስ እግሩን ያነሳል። የዚያን ጊዜ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የእትዬ እገሊት ልጅ ነኝ፤ ዩኒፎርሜን ልጠይቅ ነበር» ይበል። አለቀ።

መልስ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት
ዝምታውም ዘው ማለቱም አንድ ችግር ነው። ጉዳዩን እንጂ ሰውየውን አያይም። ተማሪዎቼን ከመናገራቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲያስቡ አደርጋለሁ፦ ምን ፈልጌ ነው? ሰውየው አሁን ምን ላይ ነው? ያውቀኛል ወይ? ከዚያ አንዱን ጉዳይ በተለያየ ቦታ እንጫወተዋለን። ደብተር ለመዋስ ጓደኛን «ስማ፣ የሒሳብ ደብተርህን ወዲህ በል» ማለት ይበቃል። ስልክ ላይ ፊት ስለማይታይ መጀመሪያ ማን መሆንህን ትናገራለህ። ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጽናችሁ» ብለህ ቁጭ ነው፤ «ምን ሆነው ሞቱ?» ተብሎ አይጀመርም።
የመምህሩን ነገር በተመለከተ፣ «ተሳስቷል» ሲል ፈርዶ ነው የገባው። «ላስቸግርዎ፣ ሲመችዎ ስለ ፈተናዬ ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር» ቢል ኖሮ ምሳቸውንም አይቆርጥባቸውም።

መልስ፦ መርካቶ የሚነግድ
ቋንቋውን አትርሱ እንጂ! ከገጠር የሚመጣው ደንበኛ ብዙው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ለእኩያው «አካም ጂርታ» (እንዴት ነህ)፣ ለትልቅ ሰው «አካም ጂርቱ» (እንዴት ነዎት) ይበል። በአማርኛ «እርስዎ» የምንለው እዚያ በብዙ ቁጥር ነው የሚመጣው። ልጆች እዚህ ላይ ሲሳሳቱ አዛውንቶች ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም፤ አይፍራ። መለዋወጫ ሱቅ ደግሞ ወሬ መጀመር ቀላል ነው። ሰውየው የተሰበረውን ዕቃ ይዞ ነው የሚመጣው። ሰላም ካለ በኋላ ዕቃውን ተቀብሎ «የባጃጅ ነው?» ማለት ነው። የቀረውን ባለ ባጃጁ ራሱ ያወራዋል፣ ከነምሬቱ።

መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ
መምህርት ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለዓይናፋር ልጅ ሦስት ጥያቄ ይበዛል። እሱን ሲያስብ ሰውየው ሄዷል። እኔን የጠቀመኝ ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ማዘጋጀት ነው። መንገድ ላይ ለራሴ እላታለሁ። ሌላው ይደርሳል።
እትዬ፣ አንድ ልመና አለኝ። ሰው ፊት አያርሙት። እናቴ «ሰላም በል እንጂ!» ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ከዚያ በኋላማ ጭራሽ አፌ ተያዘ። ቤት ሲመለስ «ምን አሉህ?» ብለው ይጠይቁት፤ «ለምን እንዲህ አላልክም?» አይበሉት።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ሰላም በል እንጂ» የምትለዋ እኔንም ነካችኝ። ትናንት አንዲት ዓረፍተ ነገር አስይዤ ልብስ ሰፊው ጋ መልሼ ላክሁት። አንድ ሰዓት ቆየ። ጋሼን ከነልጆቻቸው ሰላም ብሎ፣ ሻይ ጋብዘውት፣ ስለ ኳስ ሲያወሩ ቆይተው መጣ። ዩኒፎርሙን መጠየቅ ረስቶታል።