ሞደሙ ሲከፈት ማውሱ ይደርቃል፦ ኮም1 እና ኮም3

ጥያቄ፦
ኢሳ (የቆየ የካርድ መሰኪያ ዓይነት) ስሎት ባለው አሮጌ ፒሲ ላይ የሲሪያል ማውስ ኮም1 (ኮም የሲሪያል ወደብ መጠሪያ ነው)፣ ሞደም ደግሞ ኮም3 ላይ ነው። ለየብቻ ሁለቱም ይሠራሉ። ሞደሙ መደወል ሲጀምር ግን ማውሱ ድርቅ ይላል። አድራሻቸው የተለያየ ነው (3ኤፍ8 እና 3ኢ8)፤ ታዲያ ምን ያጋጫቸዋል?

መልስ፦
የሚያጋጫቸው አይአርኪው ነው፤ ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት (ኢንተራፕት የሚልክበት) መስመር ማለት ነው። በተለምዶ ኮም1 እና ኮም3 አይአርኪው 4ን፣ ኮም2 እና ኮም4 አይአርኪው 3ን ይይዛሉ። በየተራ ቢከፈቱ ጣጣ የለውም፤ ማውስ ግን ተራ አይለቅም።

ኢሳ ላይ ካርዱ መስመሩን ከፍም ዝቅም የሚያደርገው ራሱ ነው። አንዱ ከፍ ሊያደርግ ሲል ሌላው ዝቅ አድርጎ ከያዘው ምልክቱ ይበላሻል። በዚያ ላይ የኢንተራፕት መቆጣጠሪያው የሚያየው መስመሩ ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚዘልባትን ቅጽበት ብቻ ነው፤ መስመሩ አስቀድሞ ከፍ ብሎ ከቆየ የሁለተኛው ጥሪ አይታይም።

የሞደሙን ጃምፐር (ካርዱ ላይ ቅንብር የምትለውጥ ትንሽ መሰኪያ) ወደ አይአርኪው 5 አዙረው፤ አድራሻው ባለበት ይቆይ። ሶፍትዌሩም አዲሱን ቁጥር ማወቅ አለበት፦ ሊኑክስ ላይ በሴትሲሪያል ትእዛዝ፣ ዊንዶውስ 95 ላይ በዲቫይስ ማኔጀር። ይህ ከተረሳ ሞደሙ ጭራሽ አይመልስም፣ ወይም እየተንቀራፈፈ ይሠራል።

ጠያቂው፦
5ን ሳውንድ ካርዱ ይዞታል። 10 ይሆናል?

መልስ፦
የሞደሙን የካርድ ጠርዝ እየው። ባለ 8 ቢት ከሆነ (ከኋላ አጭሩ ተጨማሪ ማገናኛ ከሌለው) 10 እና 11 አይደርሱትም። 7ን ሞክር፤ የፕሪንተር ነው ቢባልም ዶስ ሲያትም ኢንተራፕቱን አይጠቀምበትም። ካልሆነ ሳውንድ ካርዱን ወደ 10 አዛውረው።

ለየብቻ የሚሠሩበት ምክንያት ደግሞ አውት2 የሚባለው ቢት ነው። በወደቡ ቺፕ የሞደም መቆጣጠሪያ ሬጅስተር (ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ የቢቶች ማስቀመጫ) ውስጥ ዋጋው 8 የሆነው ቢት ነው፤ ፕሮግራሙ ወደቡን ከፍቶ እሱን እስኪያበራ ድረስ ካርዱ ከመስመሩ ተለይቶ ይቆያል።

ሌላ መልስ፦
አንድ አይአርኪው መጋራት ግድ ከሆነ ፒሲአይ (ከኢሳ በኋላ የመጣ የመሰኪያ ዓይነት) ካርድ ወይም ለዚሁ የተሠራ ባለብዙ ወደብ ካርድ ይሻላል። ድራይቨር የምትጽፍ ከሆነ የእያንዳንዱን ወደብ የኢንተራፕት መለያ ሬጅስተር አንብብ፤ ቢት 0 ዜሮ ከሆነ ጥሪ አለ ማለት ነው። ኢሳ ባለብዙ ወደብ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ሁሉም ዝም እስኪሉ ድረስ አትውጣ፤ ቀድመህ ከወጣህ መስመሩ ከፍ እንዳለ ይቀርና ሁሉም ወደቦች ይሞታሉ። የሲሪያል ወደቡ ቺፕም 16550ኤ ይሁን፦ በ115200 ፍጥነት በየ87 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ ባይት ይመጣል፤ የቀድሞው ቺፕ 16450 የሚይዘው አንዷን ብቻ ሲሆን 16550ኤ ግን 16 ያቆያል።