«ዘ አዘርስ» ላይ ባልየው ለምን መጣ?

ማታ_ማታ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ከእህቴ ጋር «ዘ አዘርስ» የሚለውን ፊልም አየን። የ2001ዱን፣ ኒኮል ኪድማን ያለችበትን። ያላያችሁት ከዚህ በታች አታንብቡ፤ መጨረሻውን ማውራታችን አይቀርም።

እስከ መሃል ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። የግሬስ (የኪድማን) ልጆች ብርሃን አይችሉም፤ ስለዚህ አንዱ በር ሳይቆለፍ ሌላው አይከፈትም። ይቺ ሕግ ብቻዋን ታስፈራለች። ከዚያ ጦር ሜዳ የቀረው ባል ከጉም ውስጥ ብቅ ይላል። አልጋ ላይ ይጋደማል፣ አያወራም፣ ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ለኔ ፊልሙ እዚያ ጋ ሞተ። እህቴ ግን «ዋናው እሱ ነው» ብላ ድርቅ አለች። እናንተስ?

የጉም_ልጅ
እህትህ ልክ ናት። ግሬስ ጦርነቱ አብቅቷል እያለችው እሱ ወደ ግንባር ልመለስ ይላል። 1945 እኮ ነው! አንድ ነገር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። ደግሞ ያን ቀን ምን እንደተፈጠረ ፊት ለፊት የሚጠይቃት እሱ ነው። ልጃቸው አን ነግራዋለች። ግሬስ ልጆቿን በትራስ ማፈኗን የምንሰማው በኋላ ቢሆንም ክሩ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ሰውየውን ብታወጡት መጨረሻው፣ ማለት እናትና ልጆቹ ራሳቸው ሙታን መሆናቸው፣ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል።

ቶሎ_በል
እኔ ከጠያቂው ጋር ነኝ። እንደውም ፊልሙ ራሱ ተጋኗል። በ1999 «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» የሚባለው ፊልም በእንዲህ ዓይነት መጨረሻ አንዴ ሸውዶኛል፤ ሁለተኛ አልሸወድም። የሠራተኛ ማስታወቂያው ደብዳቤ ሳይላክ ሠራተኞቹ እነ ወይዘሮ ሚልስ ከየት መጡ? እዚያው ላይ ነቄ ብያለሁ። ግን አን ነጭ የቁርባን ቀሚሷን ለብሳ ስትጫወት፣ ከዓይነ ርግቡ ስር የአሮጊት ፊት ሲታይ… ሻዬን ደፍቻለሁ። አልክድም።

እትዬ_ሜሪላንድ
ልጆች፣ ሁላችሁም በር ቆጠራ ላይ ናችሁ። እኔን የያዘኝ የእናትየው ሃይማኖት ነው። መጀመሪያ ላይ ልጆቿን ስለ ሊምቦ በቃል ታስጠናቸዋለች፤ ካቶሊኮቹ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ይገቡበታል ይሉት የነበረው ቦታ። ጥያቄ አትወድም። መጨረሻ ላይ አን ሊምቦ የት እንደሆነ ስትጠይቃት ግን ስለመኖሩ እንኳ እንደማታውቅ ትነግራታለች። ያቺ ሁሉን አውቃለሁ ባይ! ባልየውም ያንን እርግጠኝነቷን ሰብሮባት ነው የሄደው። በፊልም ማልቀስ ትቼ ነበር፣ እዚህ ግን አልቻልኩም።

ድምፅ_ሰው
በስልክ ድምፅ ማጉያ ካያችሁት አላያችሁትም። ዳይሬክተሩ አሜናባር ሙዚቃውንም የሠራው ራሱ ነው። ብዙውን ቦታ ባዶ ይተወዋል፤ የቁልፍ ድምፅ ብቻ። ፊልሙ አንድ የስፓኒሽ ቃል ሳይኖርበት የስፔንን የፊልም ሽልማት፣ ጎያን፣ በምርጥ ፊልምነት ወስዷል።

ማታ_ማታ (ጠያቂ)
እትዬ፣ ሊምቦውን ጭራሽ አላስተዋልኩትም፤ ያንን ደግሜ አየዋለሁ። በኢርፎን። ባልየው ግን ቢያንስ ግማሹ ይቆረጥልኝ። እህቴ ይሄን እያነበበች ነው፣ ስድቡ ጀምሯል።