ሥነ ምኅዳርን ከሰሌዳ አውርጄ እንዴት ላስተምር? ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ መምህርት ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ወሎ ውስጥ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሥነ ምኅዳርና የአካባቢ አያያዝ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በክፍሌ 64 ተማሪዎች አሉ። ባለፈው ፈተና፣ የተራቆተ መሬት ላይ ዕፅዋት ደረጃ በደረጃ እየተተካኩ የሚመለሱበትን ሂደት እንዲያብራሩ ጠይቄ ነበር። አብዛኞቹ የማስታወሻውን ትርጉም ቃል በቃል ጻፉልኝ። በማግሥቱ በመስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ እያሳየሁ «ያ ባሕር ዛፍ ቢነሣ ቀድሞ የሚበቅለው ምንድን ነው?» ስል ክፍሉ ጸጥ አለ። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ መልሱን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። በቤታቸው የሚያውቁት ነገር ከትምህርቱ ጋር የሚገናኝ አልመሰላቸውም። ያ ጸጥታ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ለመስክ ጉዞ መኪና ጠይቄ በጀት የለም ተብያለሁ። መሣሪያም የለንም ማለት ይቻላል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ያስተማራችሁ፣ ሞክራችሁ የሠራላችሁን ንገሩኝ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ደሴ

ልጄ፣ መኪናውን እርሺው። እኔም በዓመት አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን በአውቶቡስ አሳፍሬ ሩቅ እወስድ ነበር። ጭላዳ ለማየት እስከ ቦረና ሳይንት ሄደን ፎቶግራፍ ተነሥተን ተመለስን፤ ከጉዞው የተረፈውም ፎቶግራፉ ብቻ ነው። በኋላ ከግቢው በእግር ሃያ ደቂቃ የሚወስድ ተዳፋት መረጥኩ። ግማሹ ከንክኪ ነፃ ተብሎ የተከለለ፣ ግማሹ ከብት የሚግጥበት ነበር። በአንድ ሴሚስተር አራት ጊዜ እዚያው ቦታ ተመላለስን።

በሲባጎና በአራት ችካል ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ ትሠራላችሁ። በውስጡ ያለውን የዕፅዋት ዓይነት መቁጠር፣ ምን ያህሉ መሬት በሣር እንደተሸፈነና ምን ያህሉ ባዶ እንደሆነ መገመት፣ ያንኑ በሌላው ጎን መድገም ነው። ስሙ ያልታወቀውን ቅጠል በጋዜጣ መሐል አድርገው ያድርቁት። እረኛው በአካባቢው ስም ይጠራላቸዋል፣ ሳይንሳዊ ስሙን እነርሱ ይፈልጋሉ። በሁለተኛው ጉዟችን አንዲት ተማሪ በደደሆ ቁጥቋጦ ሥር የወይራ ችግኝ አግኝታ ጠራችኝ። ሜዳው ላይ አንድም አልነበረም። ቁጥቋጦው ከፀሐይም ከፍየልም እንደሚከልለው ራሷ ደረሰችበት። ያን ቀን እኔ የጨመርኩት አንድ ቃል የለም።

መልስ፦ የተፋሰስ ልማት ባለሙያ፣ ደቡብ ወሎ

የመምህሩን ሐሳብ እደግፋለሁ። እኔ በሥራዬ የምጠቀምባቸውን ሁለት ርካሽ መለኪያዎች ልጨምር።

አንደኛው የታሸገ ቲማቲም ጣሳ ነው። ሁለቱም አፉ ይከፈትና አፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ይተከላል። እኩል መጠን ያለው ውኃ ይፈስበትና እስኪሰርግ ያለው ጊዜ በስልክ ይለካል። የተከለለውና የተጋጠው መሬት ልዩነት በደቂቃዎች ይታያል። ሁለተኛው የውኃ ፕላስቲክ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከቦረቦር የሚወርደውን ጎርፍ ሞልተው ያስቀምጡት፤ በማግሥቱ ከሥር የዘቀጠውን ጭቃ በማስመሪያ ይለኩት። ጎርፉን ለመግታት በቦረቦሩ ላይ ክትር ተሠርቶ ከሆነ፣ ከክትሩ በላይና በታች የተቀዳውን ማወዳደር ይቻላል።

ስለ ትክክለኛ ልኬት ስታስተምሪ ማይባርን አንሺላቸው። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ፣ አልቡኮ ውስጥ፣ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የዝናብ፣ የጎርፍና የአፈር መሸርሸር መጠን የተለካበት የምርምር ጣቢያ ነው። ለዓመታት በየዝናቡ መለካት ምን ማለት እንደሆነ ይረዱታል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ተማሪዎች «እርከን ጥሩ ነው» የሚል መልስ ይዘው ወደ ገበሬው ይሄዳሉ። ከ1966 እና ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ በወሎ ተራሮች ላይ በእህል ክፍያ ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ ከፊሉ ቆሟል፣ ከፊሉ ፈርሷል። ለምን ፈረሰ ብለው ይጠይቁ። ገበሬው መሬት እንደሚያጠብበት፣ በሬ ለማዞር እንደሚያስቸግረው፣ ድንጋዩ ውስጥ አይጥ እንደሚራባ ይነግራቸዋል። የአካባቢ አያያዝ ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ገበሬውን አቁመው ጠይቀው ብቻ አይሂዱ፤ ያገኙትን ውጤት ተመልሰው ያስረዱት።

መልስ፦ የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ወንዝ ካላችሁ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ነጭ ሳፋ፣ ከአሮጌ አጎበር የተሠራ ወንፊትና ማጉያ መነጽር ይበቃል። ድንጋዩን እያገላበጡ ያሉትን ነፍሳት ሳፋው ላይ ማራገፍ ነው። አንዳንድ የበራሪ ነፍሳት እጮች ኦክስጅን በሞላበት ንጹሕ ውኃ ብቻ ይኖራሉ። ቀያዮቹ የትንኝ መሰል ዝንብ እጮች ግን ኦክስጅን ባነሰበት ቆሻሻ ውኃም ይኖራሉ፤ ቅላታቸው እንደ እኛ ደም ኦክስጅን ከሚይዝ ንጥረ ነገር የመጣ ነው። ከከተማ በላይና በታች ያለውን ስታወዳድሩ ወንዙ ራሱ ይናገራል። ባዶ እግር ማንም ውኃ ውስጥ እንዳይገባ፤ ቢልሃርዝያ በአካባቢያችን አለ። ቦቲ ጫማና ጓንት ግድ ነው።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ ወልድያ

እኔ ትንሽ ልቃወም። መስክ ያለ ንድፈ ሐሳብ ሽርሽር ይሆናል። ተማሪው ካሬውን ደስ ባለው ቦታ ከጣለ የቆጠረው ቁጥር ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ስለ ናሙና አወሳሰድ፣ ቦታው በዕጣ መመረጥ ያለበት ለምን እንደሆነ፣ ስንት ካሬ እንደሚበቃ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይሰጥ።

ክፍል ውስጥም ሆኖ የራሳችንን አገር መጠቀም ይቻላል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ወደ 650 ሜትር ገደማ ከፍታ እንጨምራለን። በየ100 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል ብላችሁ አስሉ፤ አራት ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ግራሩ የት እንደሚቀርና ጥዱ የት እንደሚጀምር ተማሪው ከታክሲ መስኮት ሲያየው የኖረ ነው። ደሴ አቅራቢያ ያለው «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቅም ታሪክ አለላችሁ። መውጫ ወንዝ በሌለው በዚያ ጥልቅ ሐይቅ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ዓሣ ተጨመረ። ቀድሞ ጥርት ያለው ውኃ በኋላ እየደፈረሰ መጣ። «ዓሣ ሲጨመር ውኃ ለምን ይደፈርሳል?» ብላችሁ ጠይቁና ሰዓቱን ሙሉ ተዉአቸው። ዓሣው ጥቃቅን እንስሳትን ሲበላ፣ እነርሱ ይበሉት የነበረው ዋቅላሚ፣ ማለትም ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ሕይወት፣ ይበዛል። በተፋሰሱ ያለው እርሻም እንዲሁ ተጠያቂ ነው የሚሉ ይነሣሉ፤ ይከራከሩ።

ክርክሩ በአማርኛ ይሁን። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው ተብሎ የሚያውቀውን እንዲውጥ አናድርገው። እህቴ የሰማችው ጸጥታ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። የቋንቋውን ጉዳይ አላሰብኩትም ነበር፤ ልክ ነዎት። አንድ ጭንቀት ቀርቶኛል። 64 ተማሪ በቡድን ሲከፈል ሁለቱ ይሠራሉ፣ ስድስቱ ስም ያስመዘግባሉ። ውጤቱን እንዴት ልስጥ?

መልስ፦ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን በአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላይ

መምህርት፣ እኔ ከስድስቱ አንዱ ነበርኩና ልንገርዎት። ከዚያ ልማድ ያወጣኝ ሁለት ነገር ነው። መምህራችን እያንዳንዳችን የራሳችን የመስክ ደብተር እንዲኖረን አደረገ፤ በቦታው ላይ በእርሳስ ተጽፎ ከመስክ ሳንመለስ ይፈርምበታል። ከጠቅላላው ውጤት 30 ለደብተሩ ነበር።

ሁለተኛው የይስሙላ ችሎት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ን ሰጠንና ወንዝ ዳር ሊተከል የታሰበ ቆዳ ፋብሪካ አቀረበልን። ባለሀብት፣ ከታች በመስኖ የሚያለማ ገበሬ፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ የመንግሥት ገምጋሚ ተብለን ቦታ የያዝነው በዕጣ ነው። ለእኔ ባለሀብቱ ደረሰኝ። አዋጁን ያነበብኩት ያን ሌሊት ነው፤ ዛሬም የምሠራበት እርሱኑ ነው።

ጠያቂዋ

ወሰንኩ። ከግቢያችን ጀርባ ቦረቦር አለ፤ ከአንዱ ወገኑ የተከለለ ነው። ተማሪዎቹን ስምንት ስምንት አድርጌ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ዙር አወጣቸዋለሁ። ዓርብን የተውኩት ለጁምዓ ሰላት የሚሄዱትን እንዳላስቀር ነው። የናሙናውን ትምህርት በዚህ ሳምንት አስቀድማለሁ። ችሎቱ ከጥር ፈተና በፊት ይሆናል። ሲባጎና ጣሳ እያሰባሰብኩ ነው።

ጡረታ የወጣው መምህር

ልጄ፣ ችካሎቹን አትግዢ። እኔ ቤት ሠላሳ ሁለት አሉ፤ ለስምንት ቡድን ልክ ይመጣል። ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ይዣቸው እመጣለሁ፤ እግሬም እስከ ቦረቦሩ አያንሰኝም።