የሮማውያን የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ከየት ተጀምሮ ይነበባል?

ጠያቂ (ጅማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ለማስተምራቸው ልጆች የአንድ ሮማዊ ወታደር የመቃብር ድንጋይ ፎቶ ይዣለሁ። አናቱ ላይ «ዲ ኤም»፣ መጨረሻው ላይ «ኤች ኤስ ኢ» ይላል። መካከሉ የተጣበቀ ፊደል ነው። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ መምህር፣ ከምህጻረ ቃላቱ ይጀምሩ። «ዲ ኤም» በላቲን «ዲስ ማኒቡስ» ነው፤ ለሙታን መናፍስት። «ኤች ኤስ ኢ» ደግሞ «ሂክ ሲቱስ ኤስት»፣ እዚህ ተቀብሯል። በስሙ መካከል ለብቻዋ የቆመች «ኤፍ» ካለች «ልጅ» ማለት ናት፤ ከእሷ በፊት ያለው ፊደል የአባቱ ስም ምህጻር ነው። «ቪክስ አን» ዕድሜውን፣ «ስቲፕ» የአገልግሎት ዘመኑን ይነግርዎታል።

መልስ 2፦ የተጣበቀው ብዙዎችን የሚያሳስት ቦታ ነው። ቃላቱን የሚለየው ክፍተት ሳይሆን ትንሽ ነጥብ ነው፤ እሱ ሲደመሰስ ሁለት ቃል አንድ ይመስላል። ሁለት ፊደላት አንድ ቋሚ መስመር ሊጋሩም ይችላሉ። «ዩ» በ«ቪ» ቅርጽ ይቀረጻል፤ 4 ቁጥርም ብዙ ጊዜ በአራት ቋሚ መስመር ይጻፋል። ዕድሜው በ5 የሚካፈል ከሆነ በግምት የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል በጣም አይመኑት።

መልስ 3፦ ከፊት የበራ ብርሃን ጭረቱን ያጠፋዋል። ፎቶውን የላከልዎት ሰው በጨለማ፣ ባትሪውን ከጎን ወደ ድንጋዩ አስጠግቶ ደግሞ ያንሳው፤ ከግራም ከቀኝም ከላይም። በጠመኔ ግን አያድምቀው፤ ድንጋዩን ይጎዳል፣ የተሳሳተ ንባብንም ያጸናል።