ለነፍሰ ጡር ብር ይሻላል ወይስ እዛው የሚበላ ምግብ? (ክርክር)

የካዛንቺሱ፦
ሰላም የግሩፑ ሰዎች። ዛሬ ፖለቲካ አይደለም ግን መጣላታችሁ አይቀርም። እኛ ሕንፃ ላይ ፅዳት የምትሠራ ልጅ አለች፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሐሙስ ስብሰባ ነበረን፣ ለእንግዳ የታዘዘ ምሳ ተረፈና አንድ ሙሉ ሰሃን ሰጠናት፣ ጥብስ አለው ጎመን አለው ሁለት ቅቅል እንቁላል አለው። አመስግና ወሰደች። ትንሽ ቆይቼ ሲጋራ ላጨስ ስወርድ ደረጃው ስር ቁጭ ብላ እንቁላሎቹን በሶፍት ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ስትከት አየኋት፣ ጥብሱን ደሞ ለብቻው ቋጥራዋለች፣ እሷ የበላችው ከስር ወጥ የነካውን እንጀራና ጎመኑን ነው። ምነው አልበላሽም ስላት "ትንሹ ቤት ነው ያለው" አለችኝ፣ ሁለት ዓመቱ ነው። ትልቋ ትምህርት ቤት ምገባ ስላላት ስለሷ ብዙ አትጨነቅም።

እና ማታ እሱን ሳሰላስል አደርኩ። ለተማሪ ቁርስና ምሳ የሚያበላ ከተማ፣ የምገባ ማዕከል ከፍቶ አቅም ለሌለው በቀን አንዴ የሚያበላ ከተማ፣ ለነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ትሪ ማቅረብ ያቅተዋል? አቋሜን ልናገር፤ ብር አትስጧት፣ አስቤዛም አትስጧት፣ ሁለቱም ቤት ከገቡ በኋላ የሷ መሆናቸው ያበቃል። እዛው ቁጭ ብላ የምትበላውን ስጧት። ተቃዋሚ ይምጣ።

የኪያ እናት፦
መጣሁልህ። መጀመሪያ ነገር ሰው ሲበላ ደረጃ ስር ሄዶ መቆም ደስ አይልም። ሁለተኛ "አትስጧት" የሚለው ቃል ራሱ ያናድዳል፣ ብር ብትይዝ ምን ልታረግበት ነው፣ ልትጨፍርበት? እኔ የመጀመሪያዋን ሳረግዝ ባሌ ሥራ ፈቶ ነበር፣ ልደታ አንድ ክፍል ተከራይተን። ሥጋ ሲሸተኝ ያስመልሰኛል፣ ሽሮ ሲንተከተክ ጎረቤት ድረስ እሸሻለሁ፣ የሚወርድልኝ እርጎና ሙዝ ብቻ ነበር በቃ። ያኔ ጤና ጣቢያ ወስደህ ምስር ወጥ በትሪ ብታቀርብልኝ እላይህ ላይ ነበር የማስመልሰው። ብር ቢሆን ግን ሆዴ የተቀበለውን እገዛለሁ። ደሞ በየቀኑ ጤና ጣቢያ ማን ይመላለሳል፣ የታክሲውን ማን ይከፍላል፣ ሰልፉ ላይስ ማን ይቆምላታል? ካርድ ለማውጣት ግማሽ ቀን የሚቆምበት ሀገር።

ሲስተር፦
ጤና ጣቢያ ቅድመ ወሊድ ክፍል ነው የምሠራው፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የምንመክረው መመሪያ ላይ ያለው ቀላል ነው፣ እርጉዝ ከሆነች በቀን ከለመደችው አንድ ምግብ ትጨምር፣ ስታጠባ ሁለት ትጨምር። በቀደም ለአንዷ እንደዛ ስላት "ከየትኛው ላይ ሲስተር?" ብላ ሳቀችብኝ፣ በቀን የምትበላው አንዴ ነው ለካ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላርግ፣ ከዛ ክንዷን ለካሁ፣ 21 ተኩል። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተጎድታለች ብለን ነው የምንመዘግበው። መመዝገቡን መዘገብኩ።

አይረንም (የብረት ማዕድን ኪኒን) እንሰጣለን፣ በነፃ ነው፣ ፎሊክ አሲድ ያለው። ግን ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል ከዛ ይተዉታል። ክትትል ላይ "ጨረስሽ?" ስትያት "ጨረስኩ" ትላለች፣ ቤቷ ብትሄጂ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚ ምግቡን ትተን ኪኒኑን ብቻ ማደሉ እኔንም አይዋጥልኝም።

የአራት ኪሎው፦
ይቅርታ ግን እስካሁን ማንም ባል የሚለውን ቃል አልጠራም። ሁለት ልጅ አለ ሦስተኛው እየመጣ ነው፣ አቅም ከሌለ ለምን ይወለዳል? ሁሉን ነገር መንግሥት ይስጥ መንግሥት ያብላ ከተባለ ማለቂያ የለውም። ስድብ እንደሚከተል አውቃለሁ፣ ቀጥሉ።

የሜክሲኮዋ፦
አልሰድብህም። ያረገዘች ሴት ፊት ቆመህ "ለምን አረገዝሽ" ማለት ግን ምግብ አይሆንላትም፣ ልጁ እንደሆነ ሆዷ ውስጥ ነው፣ ክርክሩ ያለፈ ነገር ላይ ነው የሆነብህ። ባልየውም ቀን ሠራተኛ ይሆናል፣ ሲሚንቶ ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፣ ሥራ ሲቆም ቤቱ ይቆማል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነው። እኛ ሀገር አራስ ትከበራለች፣ ገንፎው አጥሚቱ ዶሮው፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሳህን ሸፍኖ ይመጣል። ከመውለዷ በፊት ደሞ የገንፎ እህል ተብሎ ሴቶቹ ተሰብስበው ይለቅማሉ ይቆላሉ፣ ያም ለአራስነቷ ነው የሚቀመጠው። አሁንማ ቤቢ ሻወር ሆኖ ፊኛ ብቻ ሆነ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ግን "አምሮትሽ ምንድነው" ከማለት በቀር ሳህን ይዞ የሚመጣ የለም። ጭራሽ ይከለክሏታል። አክስቴ እኔን ወተት ከጠጣሽ ልጁ ላይ ይለጠፋል ብላ፣ ብዙ ከበላሽ ይገዝፍና መውለድ ያቅትሻል ብላ ስታስርበኝ ነው የከረመችው፣ ያውም ቤት ውስጥ ሞልቶ።

ደብተራው፦
ፆሙንም ጨምሩበት። የንስሐ አባቴ ሚስቴን "አንቺ ብዪ" ብለዋታል በግልፅ፣ እሷ ግን ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ ሑዳዴን ሙሉ በሽሮ ገፋችው። ስለዚ አንዳንዱ ረሃብ የኪስ አይደለም።

ሰኪና፦
እኛም ጋ ለነፍሰ ጡር ረመዳን ላይ ማፍጠር ተፈቅዶላታል፣ በኋላ ሌላ ቀን ፆማ ትከፍላለች፣ ግን ሰው እያየ መብላት ታፍራለች። ተመሳሳይ ነው።

ቁጥር ወዳዱ፦
እሺ ስሜቱን ትንሽ አስቀምጡትና ሂሳቡን እንይ። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሀገር ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፣ አዲስ አበባ ግን 15 በመቶ አካባቢ። ሰው ይቺን ያይና አዲስ አበባማ ጠግባለች ይላል። እኔ ግን ይሄ አማካይ ነው ባይ ነኝ፣ ከአንድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለውና ደረጃው ስር ያለችው ተደምረው ነው 15 የመጣው።

ብር ወይስ ምግብ ለሚለው እኔ የብር ወገን ነኝ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ 100ን ሲያልፍ ሁላችንም እዚሁ ነበርን፣ ዘይቱ ምን እንደሆነ አይታችኋል። በወረቀት ላይ ይሄን ያህል ብር ተብሎ የተፃፈ ድጋፍ ውሎ ሲያድር የሚገዛው ያንሳል። ስለዚ በእንቁላል ይቆጠር። የወሩ ድጋፍ ማለት 30 እንቁላልና 15 ሊትር ወተት የሚገዛ ብር ነው ተብሎ ይፃፍ፣ ዋጋው ሲወጣ ብሩም ይውጣ። አለቀ።

የኪያ እናት፦
ይሄ ሰውዬ ሚኒስትር ይሁን።

ቁጥር ወዳዱ፦
ደሞ አይርሱ፣ የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቫይታሚንና ማዕድን እንዲበለፅግ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል፣ 2014 ላይ ነው። ፎሊክ አሲዱ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። ማንም ሰልፍ ሳይቆም ይደርሳል።

ሲስተር፦
ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ፎሊክ አሲዱ የሚያስፈልገው የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ እንዲዘጋ ነው፣ እሱ ደሞ የሚዘጋው በመጀመሪያው አንድ ወር ነው፣ እናትየው ማርገዟን እንኳን ሳታውቅ። እኛ ጋ የሚመጡት በአራተኛ በአምስተኛ ወራቸው ነው፣ ለዛ ጉዳይ ኪኒናችን ያኔ ረፍዷል። ግን ወንድሜ፣ እኔ የማያቸው ሴቶች ጤፍ ከማሽላ ጋር ቀላቅለው ሰፈር ወፍጮ ቤት ነው የሚያስፈጩት፣ ወፍጮ ቤቱ ምንም አይጨምርበትም። ዳቦ የሚገዛ ሰው ነው የሚያገኘው። ዘይቱንም በፌስታል ተቀድቶ ነው የሚገዙት፣ ከየት ጀሪካን እንደመጣ አይታወቅም።

አንድ ነገር ደሞ፣ በናታችሁ ሚስቶቻችሁን ምግብ እንደበሉ ቡና አታስጠጧቸው። ሻይም። ከምግቡ ያለውን አይረን ሰውነት እንዳይወስደው ይይዘዋል። አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ግን ይረዳል።

የአራት ኪሎው፦
ቡና ከልክለሽ አዲስ አበባ ላይ ትዳር አይኖርም።

ሲስተር፦
አልከለከልኩም፣ አዘግዩት ነው ያልኩት፣ ማንበብ ልመድ።

ሰፈርተኛው፦
እኔ ፒያሳ ነው ተወልጄ ያደግኩት። አትክልት ተራ እዛው እያለ እናቴ ወደ ማታ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር የምትወርደው፣ ነጋዴው ሊዘጋ ሲል ትንሽ የለሰለሰ ቲማቲም፣ ጠርዙ የጠወለገ ቆስጣ፣ የተሰነጠቀ ካሮት በፌስታል ሙሉ ይሰጣታል፣ በሳንቲም ማለት ይቻላል። ታናሼን እርጉዝ እያለች ቆስጣ ያልበላንበት ቀን አላስታውስም፣ እኔ ቆስጣ ጠልቼ የቀረሁት በዛ ነው። በኮሮና ጊዜ 2012 ላይ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ሄደ ከዛም ወደ ዳር። ከዛ ሰፈሩም ፈረሰ፣ የጉሊት እናቶቹም ተበተኑ። አሁን መሃል ከተማ ላይ አንዲት ራስ ሽንኩርትና ሁለት ቲማቲም መድቦ የሚሸጥ ሰው ለማግኘት መንገድ ትጨርሳላችሁ። ሱፐርማርኬት ደሞ በኪሎ ነው። የእሁድ ገበያው ጥሩ ነው ግን ደመወዝ ሳይሆን የቀን ገንዘብ የሚያገኝ ሰው የሳምንት አስቤዛ በአንዴ አይገዛም፣ ዛሬ ያገኘውን ዛሬ ነው የሚበላው። ስለዚ ብር ሰጣችኋት እንበል፣ የት ሄዳ ትግዛበት? መንገዱ መብራቱ አምሯል አልተጣላሁም፣ ማታ በእግር መሄድ ደስ ይላል፣ ቆስጣ ግን የለውም።

የካዛንቺሱ፦
አያችሁ፣ ይሄ የኔን ነው የሚያጠናክረው። ገበያ ከራቀ የተሠራ ምግብ ይቅረብ።

የሜክሲኮዋ፦
ቤት ውስጥ ያለው ልጅስ? እሷ ትሪ ፊት ቁጭ ብላ ስትበላ ትንሹ ቤት መራቡን እያሰበች ጉሮሮዋ ይውጣል? እናት መሆንን እንደ ሌብነት አታርገው እንጂ፣ ከራሷ ቆርሳ መስጠቷ እኮ ጥፋት አይደለም። ለሁለቱ የሚበቃ ስጣትና ያኔ ታየዋለህ።

ጨረቃ፦
ከጠዋት ጀምሮ ሳነብ ነበር። ስንቱ ተናገረ። ልጅቷን ራሷን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀ አለ?

የካዛንቺሱ፦
ሰኞ እጠይቃታለሁ።

የካዛንቺሱ፦
ጠየቅኳት። አትሳቁብኝ።

መጀመሪያ እንቁላሉን አነሳሁባት። "እንቁላልማ ሲሸተኝ ነው የሚያስመልሰኝ፣ ለዛ ነው ለትንሹ የያዝኩለት" አለችኝ። ጥብሱ ግን እውነትም ከራሷ ቆርጣ ነው፣ እሱን አልካደችም።

ከዛ ብር ነው ምግብ ነው የሚሻልሽ ስላት ትንሽ አሰበችና "ሰዓት" አለችኝ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ነው የደረሳቸው። ሥራ መግቢያዋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ ሠራተኛው ሳይገባ ወለሉ መድረቅ አለበት ተብሎ። ስለዚ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች፣ በዛ ሰዓት ምንም አይወርድልኝም ትላለች፣ ኪኒኑን ጠዋት ዋጪው ስለተባለች በባዶ ሆዷ ትውጠዋለች፣ አውቶብስ ውስጥ ያቅለሸልሻታል። መጀመሪያ እህል የምትቀምሰው ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ሻይ በዳቦ። "መግቢያዬን ሁለት ሰዓት ብታረጉልኝ ለትንሹ ገንፎ አገንፍቼ አብሬው በልቼ እወጣለሁ፣ እህሉማ አለ" ነው ያለችኝ። እህሉማ አለ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከርኩት ስለ ትሪ ነው።

ሲስተር፦
ኪኒኑን ማታ ከእራት በኋላ ትዋጠው በላት። ዛሬውኑ። ለሁሉም "ጠዋት" ብሎ የሚፅፍ ሰው አለ መሰለኝ፣ እኔም ሳልሆን አልቀርም።

ሕግ አንባቢው፦
በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው፣ ትርፍ ሰዓትም እንደዛው። ለክትትል ስትሄድም የሐኪም ወረቀት ካመጣች ከነክፍያው ነው። ግን የሷ መግቢያ ልክ 12 ነው፣ ደቂቃ አላለፉም። ሕጉ የሚቆጥረው መጥረጊያ ከያዘችበት ነው፣ ከቤት የወጣችበትን ሌሊት አይቆጥርም። ስለዚ በክስ ሳይሆን በልመና ነው የምትሄዱት።

የካዛንቺሱ፦
እኛ ቀጥታ አሠሪዋ አይደለንም፣ በኤጀንሲ ነው የመጣችው። የኤጀንሲው ተቆጣጣሪ ነገ ጠዋት ይመጣል ብላኛለች። እኔ ብቻዬን ከምገባ ሁለት ሦስት ሰው ብንሆን ይሰማናል። ሕንፃው ላይ ወይም አካባቢው ያላችሁ ማን ይመጣል?

የኪያ እናት፦
እኔ አለሁ። እርጎም ይዤ እመጣለሁ።

የአራት ኪሎው፦
እሺ እኔም ልምጣ፣ ክፉ ሰው አድርጋችሁ አስቀራችሁኝ እኮ። ስንት ሰዓት ነው?

የካዛንቺሱ፦
12።

የአራት ኪሎው፦
የጠዋቱ 12?? ኧረ እሱማ ሌሊት ነው ወንድሜ፣ 2 ሰዓት አርገው።